ሰባት ቤት ሲቆጠር የተዘለሉት

ቶሮንቶ ውስጥ፣ ብሉር ጎዳና ላይ፣ ከሰብዌዩ፣ ከምድር ውስጥ ባቡሩ መውጫ ጥቂት አለፍ ብሎ፣ አንድ የልብስ ማጠቢያና መተኮሻ ቤት አለ። ሙቀት ሲሆን በሩን ክፍት ይተዉታል። ባለፈው ሰሞን ከሆስፒታል ስንመለስ፣ ልጄና ባሏ መኪናቸውን ከቆመበት ሊያመጡ ሄደው፣ እኔና የልጄ አማት ወይዘሮ ጥሩነሽ እዚያ በር አጠገብ ቆመን ሳለ፣ ትኩስ ካውያ እርጥብ ጥጥ ሲነካ የሚወጣው እንፋሎት ፊቴ ላይ መጣ። የበሩን መቃን ተደገፍኩ። ወይዘሮ ጥሩነሽ ክንዴን ያዙኝና «ምነው፣ ስኳርዎ ነው እንዴ?» አሉኝ። እኔ ስኳር የለብኝም። እሳቸው ግን ከሀገር ቤት ከመጡ ጀምሮ ለእያንዳንዳችን አንዳንድ በሽታ መድበውልናል። «የለም፣ ሽታው ነው» አልኳቸው። «ምን ሸተተ?» አሉና አየሩን አሸተቱ። የሳሙና ሽታ ነው የመሰላቸው። ለእኔ ግን በዚያ እንፋሎት ውስጥ አባቴ ነበረ፣ እናቴ ነበረች፣ ወንድሜ ሲሳይም ነበረ። እነርሱን የማያውቅ ሰው አጠገቤ ቆሞ ክንዴን ይዞኛል።

ሆስፒታል የሄድነው ስለ ሊያ ነው። ሊያ የልጅ ልጄ ናት፤ ገና ጥርስ አላበቀለችም። በተወለደች ሰሞን የሚደረገውን የጆሮ ምርመራ አላለፈችም። ደገሙላት፣ አሁንም አላለፈችም። ልጄ ሕሊና «ማሚ፣ ውሃ ገብቶበት ይሆናል እኮ» ትለኝ ነበር። እኔ ግን ከምርመራው በፊት፣ በተወለደች በማግስቱ፣ ማንም ሳያየኝ ከጭንቅላቷ ጀርባ አጨብጭቤ ነበር። ዞር አላለችም። ጠግባ ነው ብዬ ለራሴ ነገርኩት። ጭብጨባውን ከማን እንደተማርኩት ወደ ኋላ አወጋለሁ።

እንግዲህ የሊያ ነገር እርግጥ የሆነ ሳምንት፣ ወይዘሮ ጥሩነሽ ኖርዝ ዮርክ በሚገኘው የልጄ ኮንዶ ወጥ ቤት ውስጥ ቆመው፣ ሽንኩርት እየከተፉ፣ ማንንም ሳያዩ «በእኛ ዘር እንዲህ ያለ ነገር የለም» አሉ። ክፉ ሴት ሆነው አይደለም። ለልጃቸው ለዮናስ የሚሳሱ፣ ለሊያም ሌሊቱን በሙሉ ሲጸልዩ የሚያድሩ ሴት ናቸው። ሕሊና ጡጦ እያጠበች ነበር፤ ውሃውን ዘጋችና «ሶሪ እማማ» አለቻቸው። ልጄ ይቅርታ ጠየቀች! «በእኛ ዘር የለም» የሚለውን አነጋገር አውቀዋለሁ። አንድ ቤት ውስጥ አብረን ነው ያደግነው።

የእኛ ቤት ደሴ ነበር፣ ከአራዳ ዝቅ ብሎ። አባቴ ደምሴ ልብስ ሰፊ ነበር። በረንዳው ላይ ሦስት የስፌት መኪና ተደርድሮ፣ እሱ ከውስጥ በትልቁ ጠረጴዛ ላይ ይቆርጣል። አቡጀዲው በጥቅል ከግድግዳው ጋር ተደግፎ፣ ካኪው ከሥሩ፣ አበባ ያለበት ፖፕሊን ደግሞ ሴቶች እንዲያዩት ከፊት ይሰቀላል። ያኔ ሻይ በአሥር ሳንቲም ይጠጣል፤ ከጎናችን ያለው ሻይ ቤት ሬዲዮ ነበረውና ልብስ ሰፊዎቹ እግራቸውን በዘፈኑ ልክ ነበር የሚያንቀሳቅሱት። ፈጣን ዘፈን ከመጣ ሱሪ ቶሎ ይደርሳል። ትዝታ የተከፈተ እንደሆነ ግን ፔዳሉ ሁሉ ይንቀራፈፋል፤ አባቴ ከውስጥ «ኧረ ይሄ ዘፋኝ ሥራ አስፈታን!» ብሎ ይጮኻል። ወጣቶቹ ከታች ሰፊ የሆነ ሱሪ ያሰፉ ነበር፤ «ሁለት ሰው የሚያስገባ ሱሪ ለአንድ ቀጫጫ» እያለ ያጉተመትማል፤ ግን አሳምሮ ይሰፋላቸዋል። ሽማግሌዎቹ በካኪ ኮት ላይ ጋቢ ደርበው፣ ባርኔጣቸውን ጉልበታቸው ላይ አስቀምጠው በረንዳው ላይ ይውሉ ነበር፤ ጦሳ ተራራ ላይ ጉም ሲወርድ አይተው ዝናቡ ከመድረሱ በፊት ይበተናሉ። ዛሬ እዚህ ቶሮንቶ ሰው ልብስ ከመስቀያ ላይ አንስቶ ሲሄድ አያለሁ። ልኩን የሚያውቅለት የለም። እኔ ራሴ ዕድሜዬን የፈጀሁት የሆቴል ምድር ቤት ውስጥ የማላውቃቸውን ሰዎች ዩኒፎርም እየጠገንኩ ነው።

በየዓመቱ ክረምቱ ሊወጣ ሲል አባቴ አንድ ቀሚስ ይሰፋ ነበር፤ ልክ ሳይወስድ። ለሌላው ሰው ሁሉ ሜትሩን አንገቱ ላይ አንጠልጥሎ ሦስቴ የሚለካ ሰው፣ ለዚያ ቀሚስ ጠመኔውን አንስቶ ጨርቁ ላይ ዝም ብሎ ያሰምራል። ከፊት ለፊቱ ሁለት ትልልቅ ኪስ ያደርግለታል። ሲያልቅ ለሠራተኞቹ አይሰጥም፤ የከሰል ካውያውን ራሱ አራግቦ፣ ውሃ በአፉ እፍ ብሎ ረጭቶ ይተኩሰዋል። ያ ነው ሽታው። «የማን ነው አባባ?» ስለው «የሩቅ ደንበኛ ናት» ይለኛል። ከዚያ ቀሚሱን አጣጥፎ በከረጢት ይዞ ወረኢሉ በኩል ወዳለው የትውልድ መንደሩ ይሄዳል፤ ሲመለስ ለሁለት ቀን ያህል ከማንም ጋር አይጫወትም። ልጅ ነበርኩና የሩቅ ደንበኛ የምትባለው ሴት ትልቅ ሀብታም ትመስለኝ ነበር።

እናቴ ዘነበች የሐይቅ ልጅ ነበረች። አባቴ ሲያጫት ዘር ተቆጠረ። በእኛ ወገን ባልና ሚስት እስከ ሰባት ቤት ዝምድና ከተገኘባቸው አይጋቡም፤ ስለዚህ ከሁለቱም ወገን አዋቂ ሽማግሌ ተቀምጦ አያት፣ ቅድመ አያት፣ ምንጅላት እያለ ወደ ላይ ይቆጥራል። በአባቴ በኩል ቆጣሪው የአባቱ ወንድም አያ ሞገስ ነበሩ። አያ ሞገስ በግራ እጃቸው ስድስት ጣት አላቸው፤ አባታቸውም ወንድማቸውም ነበራቸው፣ ልጃቸውም አባቴም እንዲሁ። «የእኛ ዘር ማኅተም» ይሉታል፤ ሲቆጥሩም በዚያው እጅ ነበር። እኛ ልጆቹ «አያ ሞገስ ሰባት ቤት ለመሙላት አንድ ጣት ብቻ ነው የሚጎድላቸው» እያልን እንስቅ ነበር። እናም ቆጠሩ፤ ዝምድና አልተገኘም። ተጋቡ። መጀመሪያ እኔ ሙሉነሽ ተወለድኩ፤ ቀጥሎ ሲሳይ።

ሲሳይ እንደማይሰማ መጀመሪያ ያወቀችው እናቴ ናት። የመድኃኔ ዓለም ደወል ሲደወል ሕፃናት ሁሉ ሲባንኑ እሱ ተኝቶ ይቀራል። ነገሩ ሲገለጥ አያ ሞገስ በረንዳችን ላይ ተቀምጠው፣ ያችን ስድስተኛ ጣታቸውን እያሻሹ፣ «በእኛ ዘር እንዲህ ያለ ነገር የለም» አሉ። ወደ ላይ እየቆጠሩ አንድ በአንድ ስም ጠሩ፤ ሁሉም የሚሰሙ፣ ሁሉም የሚናገሩ። ነገሩ እውነት ይመስል ነበር። ስድስት ጣት በየትውልዱ ሲታይ ያየ ሰው፣ የዘር ነገር ሁሉ እንዲሁ በየትውልዱ የሚታይ ይመስለዋል። ካልታየ ታዲያ የለም ማለት ነው። ስለዚህ ፊታቸውን ወደ እናቴ ወገን አዞሩና የእናቴ አያት በርስት ሙግት በሐሰት ምለው ነበር የሚል ወሬ ቆፍረው አመጡ። በሐሰት የማለ ሰው መዓቱ እስከ ሰባት ቤት ይወርዳል ይባላል። ለጋብቻ የሚቆጠረው ሰባት ቤት ለእርግማንም ይሆናል ማለት ነው። እናቴ አያቷን አታውቃቸውም። ማሉ አልማሉ ብላ የምትጠይቀው ሰው እንኳ አልነበራትም።

የወደቀ ዛፍ ምሳር ይበዛበታል። ጎረቤቱም «ባትወልድ ይሻላት ነበር» ማለት ጀመረ። እናቴ ያልደረሰችበት ጠበል የለም፤ ሲሳይን አዝላ፣ እኔን እየጎተተች። አባቴ ምንም አይልም ነበር። አንድ ቀን እንኳ «ተዉአት» ሲል አልሰማሁትም። ቆይቶ ሌላ ሴት አገባና ከእኛ ቤት ወጣ፤ ከዚያችኛዋ ሦስት ልጆች ተወለዱለት፣ ሦስቱም ጆሯቸው እንደ ድመት የሚሰማ። ፍርዱ በዚያ ተዘጋ። «አያችሁ? ከእሷ ነበር» ተባለ። እናቴ ራሷም አመነች። እኔን የሚያቃጥለኝ ይሄ ነው፤ ማመኗ። የሰው ሐሜት ያልፋል፤ እሷ ግን ውጣው ከሆዷ አስቀመጠችው።

ከሲሳይ ጋር የራሳቸው የእጅ ቋንቋ ነበራቸው። የነጠላ ጫፍ ጉንጭ ላይ ማስነካት «እማዬ» ማለት ነው። ሁለት ጣት ጥርስ ላይ «ዳቦ»። እናቴ ሰው ፊት እጆቿን በነጠላዋ ትሸፍናለች፤ ቤት ስንገባ ግን ሁለቱ እጃቸውን እያወናጨፉ ሲሳሳቁ ይውላሉ። እኔም አውቀው ነበር፤ ሦስታችን ድምፅ ሳናሰማ ጎረቤት አምተን እንጨርሳለን። ሲሳይ ጎልምሶ ሸዋ በር አካባቢ ጨርቃ ጨርቅ በሚያራግፍበት ጊዜ፣ ሸክም ይዞ መንገድ ሲያቋርጥ ከኋላው የመጣ የጭነት መኪና ክላክስ አደረገለት። ሾፌሩ ደጋግሜ ነፍቻለሁ ብሎ ማለ። እውነቱን ነው፤ ነፍቷል። ሲሳይን ከቀበርን በኋላ የእናቴ እጆች ዝም አሉ። ሕሊናን የወለድኩ ጊዜ ልትጠይቀኝ መጥታ፣ ሕፃኗን እንኳ ሳትስም፣ ከጭንቅላቷ ጀርባ ቆማ አጨበጨበች። ሕሊና ደንግጣ አለቀሰች። እናቴ ደስታዋ ያኔ ነበር፤ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጣ «ኃጢአቴ አለፈሽ ልጄ» እያለች ነጠላዋን አፏ ውስጥ ጎስጉሳ አነባች። ብዙም ሳትቆይ ሞተች። ኃጢአት ነበረብኝ ብላ ሞተች።

ወደ ሆስፒታሉ ልመለስ። ዶክተሯ ልጅ እግር ናት፣ ረጋ ያለች። ከደም ምርመራው በኋላ ለአምስታችንም፣ ሊያን ጨምሮ፣ ወንበር አስመጥታ አስቀመጠችን። ወይዘሮ ጥሩነሽ እንግሊዝኛ አይሰሙም፤ ሕሊና ደግሞ እንባ ይዟታል። «ማሚ፣ አንቺ ትራንስሌት አድርጊላቸው፣ ፕሊስ» አለችኝ። እናም ተረጎምኩ። ልጅ ነገሩን ሁሉ ጥንድ ጥንድ አድርጎ ነው የሚወርሰው፤ አንዱን ከእናት፣ አንዱን ከአባት። አንዳንዱ ባህርይ አውራ ነው፤ ከአንድ ወገን ብቻ ቢመጣም ይበቃዋል፣ ይታያል። ሌላው ድብቅ ነው። ጥንዱ ደህና ከሆነ አንገቱን ደፍቶ ይቀመጣል፤ ሰውየው ይሰማል፣ ይናገራል፣ ምንም አያውቅም፤ ግን ለልጁ ያስተላልፋል፣ ልጁም ለልጁ፣ እንዲህ እያለ ብዙ ትውልድ ይሄዳል። ሁለት ድብቅ ከእናትም ከአባትም የተገናኘ ዕለት ብቻ ነው የሚወጣው። ያም ቢሆን በእያንዳንዱ እርግዝና ከአራት ዕጣ አንዱ ነው።

ወይዘሮ ጥሩነሽ ግራ ሲገባቸው በማውቀው ሥራ አስረዳኋቸው። «ኮት ከላይ ሲያዩት ገበሩ አይታይም፤ ግን አለ። ልጅ ከእናቱም ከአባቱም ገበር ገበሩን ከወሰደ፣ ከላይ የሚታይ ጨርቅ አይኖረውም። እንደዚያ ማለት ነው» አልኳቸው። «እና ከማን ነው የመጣው?» አሉ። ጥያቄውን ለዶክተሯ አቀረብኩ። መልሷን ሰምቼ ወደ አማርኛ ልመልሰው ጀምሬ ተውኩት። ያለችው «ከሁለት ወገን ካልመጣ አይሆንም» ነው። ለወይዘሮ ጥሩነሽ ልናገር የተዘጋጀሁት ቃል ድንገት አባቴ ላይ አረፈብኝ። ሲሳይ! ሲሳይም እኮ ከሁለት ወገን ነው የመጣው። አባቴም ተሸክሞት ነበር። ሁለተኛዋ ሚስቱ ያ ነገር ስላልነበራት ነው ልጆቿ የሰሙት እንጂ፣ ፍርድ ሆኖ አይደለም። «ምን አለች? ንገሩኝ እንጂ» አሉኝ ወይዘሮ ጥሩነሽ። «ከሁለቱም ነው አለች። ከዮናስም ከሕሊናም» አልኳቸው። ነጠላቸውን አስተካክለው፣ «እሷ ፈረንጅ ናት፤ የእኛን ዘር የት ታውቀዋለች? በእኛ ቤት የለም። እንቁጠር ካሉኝ እስከ ሰባት ቤት ልቁጠርልዎ» አሉኝ። ከዚያ ነው ብሉር ላይ የወጣነው፣ ከዚያ ነው ያ ሽታ የመጣብኝ።

በማግስቱ ሕሊና ስልክ ደወለችልኝ። «ማሚ፣ አይ ኖው ሳይንሱን። ገብቶኛል። ግን የአንቺ ብራዘር እንደዛ ነበር አይደል? ከእኛ ሳይድ ነው የሚታየው። እማማ ሁልጊዜ ያዩኛል… ሌላ ልጅ አልወልድም። ለዮናስም ነግሬዋለሁ።» «እሱ ምን አለ?» «ምንም። ዝም አለ።» ዝም አለ። አባቴም እንዲሁ ነበር ዝም ያለው። ስልኩን ከዘጋሁ በኋላ ወጥ ቤቴ ውስጥ ወዲያና ወዲህ አልኩ። እናቴ ሆዷ ውስጥ ያኖረችው ነገር ባሕር ተሻግሮ ልጄ ሆድ ውስጥ ሊገባ ነው። ትምህርት አላዳናትም፤ የተማረች ልጅ ናት። የጎደላት ማስረጃ አይደለም። ከዚያኛው ወገን አንድ ሰው፣ በገዛ አፉ፣ «ከእኛም ነው» እንዲላት ነበር የሚያስፈልጋት።

ወርቁ ሬክስዴል፣ ከተማው ሌላኛው ጫፍ ነው የሚኖረው። የአባቴ ልጅ ነው፣ ከሁለተኛዋ ሚስት። ኤርፖርቱ አጠገብ ካለ መጋዘን ጡረታ ወጥቷል። ለቅሶ ቤት ስንገናኝ ከመጨባበጥ ያለፈ ወሬ አልነበረንም፤ የእናቶቻችን ነገር መሃላችን ቆሞ። የአባቴን ነገር የምጠይቀው ሌላ ሰው ስለሌለኝ በአውቶቡስ ሄድኩ። «እትዬ ሙሉ! ምን እግር ጣለሽ?» ብሎ ደነገጠ። ሻይ ሲያቀብለኝ የግራ እጁን አየሁት፤ ያችው የአያ ሞገስ ስድስተኛ ጣት ብርጭቆው ሥር ተጣጥፋ ተቀምጣለች። ስለ ሊያ ነገርኩት፤ ዶክተሯ ያለችውንም። ከዚያ ለምን እንደሆነ አላውቅም፣ ምናልባት የዚያ እንፋሎት ነገር ከራሴ ስላልወጣ፣ «ወርቁ፣ አባታችን ክረምት ሊወጣ ሲል የሚሰፋው ቀሚስ የማን ነበር?» አልኩት።

ብርጭቆውን አስቀመጠ። «የአክስታችን ነዋ፣ የትርንጎ።»

«የምን ትርንጎ? አባታችን እህት የለውም።»

«አለው እንጂ። ታላቁ ናት። አንቺን ወስዶሽ አያውቅም እንዴ?» አለኝ። እኔን አልወሰደኝም። እሱን፣ ወንዱን ልጅ፣ ሁለት ሦስት ጊዜ ወስዶታል። «ከጓሮ በኩል ባለችው ቤት ነበር የምትኖረው። እህል ስታበጥር ነው ሁልጊዜ የማስታውሳት። አባባን ስታየው ሰፌዱን ጥላ ትሮጥ ነበር፤ ቀሚሱን ስትቀበል መጀመሪያ የምታየው ኪሱን ነው፤ ከረሜላ ይከትላት ነበር።» አንገቱን ደፋ። «አትሰማም፣ አትናገርም ነበር፣ እትዬ ሙሉ። ከተወለደች ጀምሮ።»

ለምን እስከ ዛሬ አልተናገርክም አልኩት። «ለማንም እንዳልናገር አባባ አስምሎኛል። ልጅ ነበርኩ። ኋላ ደግሞ… ማን ጠየቀኝ?» አለ። «አያ ሞገስስ? የወንድማቸው ልጅ አይደለችም? ያን ሁሉ ሰው ሲቆጥሩ ረሷት?» ወርቁ ሲመልስልኝ የሚያውቀውን ተራ ነገር እንደሚናገር ሰው ነበር። «አልረሷትም። ያልወለደ እኮ አይቆጠርም። ቆጠራው የሚወርደው በወለዱት በኩል ነው። እሷ አላገባች፣ አልወለደች፤ በየት በኩል ትግባ?»

ሙት አይወቀስም ይላሉ። እኔ እወቅሳለሁ። አባቴ የዚያችን ሴት ትከሻ፣ ቁመት፣ ወገብ ሳይለካ ያውቅ ነበር። በየዓመቱ ዘመን ሲለወጥ አዲስ ያለብሳት ነበር፤ ይወዳት ነበር፣ አልክድም፤ ሲመለስ ዝም የሚለው ለዚያ እንደነበር አሁን ገባኝ። ግን በረንዳው ላይ እናቴ ስትወገዝ፣ ከውስጥ ጠመኔውን ይዞ ቆሞ እየሰማ፣ አንድ ስም ቢጠራ ይበቃ ነበር። ትርንጎ ብቻ ቢል። እህቱን ለማስከበር ይሁን ራሱን ለማዳን፣ ሁለት ሴት ቀበረ፤ አንዷን በጓሮ፣ አንዷን በሐሜት። ወርቁ ቤት ሶፋ ላይ ተቀምጬ እንደ ልጅ አለቀስኩ። እሱም አለቀሰ። አውቶቡስ ማቆሚያው ድረስ ሸኘኝ፤ ሲለየኝ እንደ ሌላው ጊዜ አልጨበጠኝም፣ አንገቴን አቅፎ ሳመኝ።

እሑድ ከቅዳሴ መልስ ኖርዝ ዮርክ ሄድኩ። ሕሊና የሊያን ገላ ታጥባለች፤ ዮናስ መስኮቱ ጋ ቆሞ ስልኩን ይነካካል፤ ወይዘሮ ጥሩነሽ ሶፋው ላይ ናቸው። ልጣላ አልሄድኩም። አጠገባቸው ተቀመጥኩና «ይቁጠሩልኝ ብዬ መጣሁ» አልኳቸው። «ምኑን?» «ሰባት ቤት። የዚያን ቀን ልቁጠርልዎ ብለውኝ አልነበር?» ደስ አላቸው። ተስተካክለው ተቀመጡና ጀመሩ፤ በአባት፣ በእናት፣ ወንድም ከእህት፣ ማን ማንን ወለደ። ጎበዝ ናቸው፤ አያ ሞገስ እንኳ እንደዚያ አይቆጥሩም። እስኪጨርሱ አዳመጥኩ።

ከዚያ ስለ ትርንጎ ነገርኳቸው። ስለ ቀሚሱ፣ ስለ ኪሱ፣ ስለ እናቴም ሁሉንም ነገርኳቸው። «አሁን ደግሞ ወይዘሮ ጥሩነሽ» አልኩ፣ «ያልወለዱትን ይቁጠሩልኝ። ያላገቡትን። ገዳም የገቡትን፣ ጓዳ የቀሩትን፣ በልጅነት የሞቱትን።»

«እነሱማ አይቆጠሩም» አሉ ወዲያው።

«አውቃለሁ። እስቲ ዛሬ ይቆጠሩ።»

ዮናስ ስልኩን አስቀመጠ። ወይዘሮ ጥሩነሽ አንድ በጦርነት የቀረ አጎት ጠሩ፤ አንዲት መነኩሴ ጠሩ። ከዚያ እጃቸው ቀስ ብሎ ጉልበታቸው ላይ ወረደ። «አንዲት ነበረች» አሉ። «የአባቴ አክስት። ልጅ ሆነን ውሃ ስትቀዳ ከኋላዋ ድንጋይ እንወረውርባት ነበር… ዞር ስለማትል። ለጨዋታ ነበር።» ዓይናቸው ሞላ። «ደንቆሮ ነበረች እኮ። እመቤቴ! ደንቆሮ ነበረች። እኔ ሰው ናት ብዬ አስቤያት አላውቅም።»

«ስሟ ማን ነበር?» አለ ዮናስ።

«እኔንጃ ልጄ። ‹ያቺ› ነበር የምንላት።»

ተነሡ። እኔ ወደ መኝታ ቤት የሚሄዱ መስሎኝ ነበር። ሕሊና ሊያን በፎጣ ጠቅልላ ቆማ ነበር፤ እሷ ዘንድ ሄደው ፊቷን በሁለት እጃቸው ያዙት፤ አሮጊት ምራቷን ልትስም ስትንጠራራ እንደምታደርገው፣ በእግራቸው ጣት ጫፍ ቆመው። «ከአንቺ አይደለም የኔ ልጅ» አሏት። «ከእኛም ነው። ከሁላችንም ነው። ይቅር በይኝ።» ሕሊና እንደ ልማዷ በእንግሊዝኛ ልትመልስ ሞከረች፤ አልሆነላትም፤ «እሺ እማማ» ብቻ ብላ ትከሻቸው ላይ ተደፋች። ሊያ በመካከላቸው ሆና የሁለቱንም አፍ ተራ በተራ ታያለች። እኔ የነጠላዬን ጫፍ አንሥቼ ጉንጬ ላይ አስነካሁላት፤ ሲሳይ እንደሚያደርገው። ዓይኗን ከእጄ ላይ አልነቀለችም።

እናቴ ዕድሜዋን ሙሉ የጠበቀችው ያን ቃል ነበር። ከዚያኛው ወገን አንድ ሰው መጥቶ «ከእኛም ነው» እንዲላት። የተናገሩት ሴት እናቴን አያውቋትም፤ የተነገራትም እናቴ አይደለችም። እዚያ ቤት እናቴን የማውቃት እኔ ብቻ ነበርኩ። እናም ሰማሁላት።